ኅዳግ

ከሌሊቱ አስር ላይ ገፋፋን ወንበር፣
አራተኛ «ለ» ክፍል ጣቢያ ሆኖ ነበር።
ሰሌዳው ጥግ ላይ ያልጠፋ ማባዛት፣
ስድስት ጊዜ ስምንት፣ ከሥሩም ስህተት፤
ግድግዳው ላይ ካርታ፣ ክልሎች በየቀለሙ የተቀባ፣
የእኛን ወረዳ የበላው ምስጥ ነው፣ ከጥግ ተነሥቶ የገባ።
እኔ የሒሳብ መምህር፣ ለአንድ ቀን ሰብሳቢ፣
በአንገቴ ላይ ባጅ፣ የመመሪያ አንባቢ።

ኮሮጆውን ገልብጬ ባዶውን ሳሳይ፣
የፓርቲ ታዛቢ ጎንበስ አለ ከላይ፤
እጁን ከቶ ዳሰሰ ጥጉን በጥርጣሬ፣
ጥርሱን እንደሚያይ ሰው፣ ሊገዛ ሲል በሬ።

ጉሙ በሐይቅ በኩል ገና ሳይገፈፍ፣
ከግራሩ አልፎ ነበር የቢስቲማ ሰልፍ፤
ሽርጡን ያጠበቀ፣ ጋቢ የደረበ፣
ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ ከደረቱ ያስጠጋ፣
ከሱብሂ የመጣ፣ ከኪዳን የመጣ፣
ባንድ ጥላ ቆሞ ስለ ማዳበሪያ ሲቆጣ።

ሞሚና ሽበሺ መጣች ረፋዱ ላይ፣
አንዱን ሞራ ጋርዶት፣ ባንዱ ዓይኗ የምታይ።
ትልቁን ልጇን እዚሁ ነው ያስተማርኩት፤
በባቲ በኩል ወጥቶ፣ ወሬውን አጣሁት።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፣
ከምልክት ምልክት በጣቷ ፈለገች፦
«ይኼ መሰላል ነው፤ ይኼ ቁልፍ፣ ይኼ ድስት፤
ክልሉን የሚገዛው የቱ ነው ከነዚህ ፊት?»

«እሱ እዚህ የለም፣ እቴ፤ ርቆ ነው ሹመቱ፤
አንቺ ወኪል ትልኪያለሽ፣ ባሕር ዳር ነው ቤቱ፤
እነሱ ተሰብስበው ርዕሰ መስተዳድር
ይመርጣሉ» አልኳት፤ ገጽ ሦስት ነው፣ የመመሪያው ዝርዝር።

ዝም አለች። ከዚያ፦
«ሽማግሌ ልልክ ነዋ፣ ይኸው ነው ነገሩ፣
ወዳላየሁት አማት፣ ወደማላውቀው በሩ።
ደግ፤ መላክስ ወግ ነው፤ በሽማግሌ ነው ትዳር፤
የተላከው ግን ይመለሳል፣ የተባለውን ሊናገር።
‹ሰጥተውናል፣ ነፍገውናል፣ ቀጥረውናል› ሳይል፣
ባለፈው ምርጫ የላክሁት ወዴት ነው የሚውል?»

ታዛቢዎቹ አቀረቀሩ፤ አንዱ ስልኩን ነካካ፤
ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የዝንብ ድምፅ ነበር ለካ።

«ረዳት ይግባልሽ?» ስላት፣ «አይሆንም» አለች በቁጣ፣
«ምስጢር ነው ብላችሁ የለም? ምን ሊያይ ነው የሚመጣ?»
ቆየች ከመጋረጃው ጀርባ። ቆየች። ሰልፉ አጉረመረመ።
ከሥር የሚታየው እግሯ ብቻ፣ በፕላስቲክ ጫማ፣ የቆመ።

ማታ በጄኔሬተር ብርሃን፣ ወረቀት እየዘረጋን፣
መሰላል፣ መሰላል፣ ቁልፍ፣ መሰላል፣ ስንል ሊነጋ ሲቃረብን፣
አንዱ እጄ ላይ ቀረ፤ ምልክቱ ሁሉ ባዶ፣
አውራ ጣት ብቻ፣ ነጩ ኅዳግ ላይ፣ ዳር ወርዶ።
ጥርት ያለ አሻራ፤ መስመሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣
ሲያዘነብሉት የሐይቅ ሞገድ፣ ሲያቀኑት ትልም ነበር።

የሷ ነው አልልም፤ ምስጢር ነው፤ ማወቅ አይፈቀድልኝም።
ሞራው ነው? እጇ ስቶ ነው? እንቅልፍ አልወሰደኝም።
ወይስ ለመልእክተኛው መመለሻ ብላ፣ አውቃ ነው ያተመችው፣
ከቀረቡላት ሁሉ ባዶውን ስፍራ የመረጠችው?

መመሪያው ግልጽ ነው። «ዋጋ የሌለው፦ አንድ» ብዬ ጻፍኩ፤
ሁሉም ፈረሙበት፤ እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

መስከረም ላይ ሬዲዮው ስም ጠራ፣ በሙሉ ድምፅ፣ በጭብጨባ፤
ሞሚና ሎሚ ደርድራ አየችኝ ገበያ ስገባ።
«መምህር! ያ የላክነው ሰውዬ፣ ተመለሰ?»
ሬዲዮው ወደ ዘፈን ዞረ፤ አቧራ ነፈሰ።
መልስ ሳጣ አውራ ጣቴን አየሁ፤ የምርጫው ቀለም
አድጎ ጥፍሬ ጫፍ ደርሷል፤ ገና አልተቆረጠም።

አምስት ሎሚ ገዛሁ፤ ስድስት ቆጥራ ሰጠችኝ፤
«ተሳስተሻል» ስላት፣
«ምርቃት ነው» ብላ ሳቀችብኝ።